መድረኩን ማን ይምራው? ከሀገር ፍቅር እስከ ዋጃ

ባለፈው ነሐሴ መግቢያ ላይ ከዋጃ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የአክስቴ ልጅ ባልንጀራ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ቆይቶ ወደ ቀዬው የተመለሰ ወጣት። «ጋሼ፣ የኪነት አዳራሽ ልናቋቁም ነው» አለኝ። ቤቱ ተገኝቷል፤ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣራው ደኅና የሆነ፣ ግድግዳው ጥገና የሚሻ ቤት ነው። ወንበር በውሰት፣ ከበሮ በመዋጮ፣ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከሠርግ አከራይ ይመጣል። የቸገራቸው ሌላ ነው፤ ማን ይምራው? ገሚሱ «ሊቀ መንበሩ ከአስተዳደሩ ይሁን፣ ያለዚያ በሩ ይዘጋብናል» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ማሲንቆ የሚመታ፣ ዘፈን የሚያወጣ ሰው ይምራን፣ ያለዚያ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ሆኖ ይቀራል» ባይ ነው። ነገሩ ከሮ ሁለት ወዳጆች ከተኮራረፉ ሳምንት ሆኗቸዋል። «እርስዎ ታሪክ ያስተምራሉ፤ አንድ ነገር ይበሉን» አለኝ።

ዋጃን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከራያ ሜዳ መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስሟ በዜና የሚነሣው በወሰን ክርክርና በጦርነት ምክንያት ብቻ ስለሆነ፣ ብዙው የከተማ ሰው የሚያውቃት በካርታ ላይ እንደ ተሠመረ ቀይ መሥመር ነው። ያን ክርክር እዚህ አላነሣውም፤ ስለ እርሱ የሚጽፍ ሞልቷል። ስለ አዳራሹ የሚጽፍ ግን ስላላገኘሁ፣ ለወጣቶቹ በስልክ የሰጠሁትን የተንዛዛ መልስ እነሆ አስተካክዬ ለእናንተም አቀርበዋለሁ።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል እንጂ የዘመናዊ ቴአትራችንን ዕድሜ ያህል ያረጀ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ፣ የአውሬዎቹ ኮሜዲያ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ታየ። ሆቴል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ባለቤት ያለው፣ ሠራተኛ ያለው፣ ስለ ተውኔቱ በቤተ መንግሥት ፊት ቆሞ የሚከራከር አስተዳዳሪ ያለው የቴአትር ቤት አልነበረም። ደራሲው በእንስሳት አፍ የመንግሥቱን ሹማምንት ሸነቆጡ፤ ሹማምንቱም ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፤ መድረኩም ለዓመታት ዝም አለ። ደራሲው ትልቅ ሰው ነበሩ፤ በራሺያ የተማሩ፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ። ያ ሁሉ ተሰሚነት ግን ለአንድ ምሽት ትርኢት ጋሻ ሊሆን አልቻለም። ተውኔት ደራሲ ስላለው ብቻ አይኖርም፤ ቤት ያሻዋል፤ ቤቱም ጠባቂ።

ጠባቂ ያለው ቤት የመጣው በ1927 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ሲከማች፣ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ኪነ ጥበብ አልነበረም፤ ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ማነሣሣት ነበር። ንግግር ይደረጋል፤ ከንግግሩ መካከል ሰው እንዳይሰለች ዘፈንና ቅኔ ይገባል። በዓለም ላይ ስንት ታላላቅ የቴአትር ቤት በዚህ መንገድ እንደ ተወለደ አላውቅም፤ የእኛው አንጋፋ ግን የተወለደው በስብሰባ መካከል ሰው እንዳያንቀላፋ ተብሎ ነው። ወራሪው ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ተሰባስቦ እስከ ዛሬ የሚታወቅበትን ፒያሳ ያለውን ቤት ያዘ።

ስለ መኰንን ሀብተ ወልድ ጥቂት ልበል፤ የወጣቶቹ ክርክር ግማሹ በእሳቸው ታሪክ ውስጥ አለና። የጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ታላቅ ወንድም ናቸው። የንግድም የገንዘብም ሚኒስትር ሆነዋል። ከዚህ ሌላ ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ ድምፅ የሚያነሡት ነገር አለ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ወሬ የሚያቀብል ሰፊ የጆሮ ጠቢዎች መረብ በእጃቸው ነበር። እንግዲህ አስቡት። የሀገሪቱ አንጋፋ የኪነት ቤት መሥራችና አለኝታ፣ ሰው በየጠጅ ቤቱ ምን እንደሚያወራ በየማለዳው የሚነገራቸው ሚኒስትር ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሰው ጥላ ሥር ደፋር ተውኔት ይበቅላል ብሎ የሚጠብቅ የለም። በሌላ በኩል ግን፣ ያንን ቤት በዚያ ዘመን ማንም ሊዘጋው አልቻለም። አዝማሪ ተብሎ የሚናቀው፣ ከየክፍላተ ሀገሩ የተሰበሰበው ባለ ማሲንቆና ባለ ክራር፣ ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሰው ሆኖ በራዲዮ የተሰማው በእሳቸው ጊዜ ነው። «ሊቀ መንበሩ ከአስተዳደሩ ይሁን» የሚሉት የዋጃ ልጆች ይህን ታሪክ ሳያውቁት ይዘውታል። ሞኞች አይደሉም።

ይሁን እንጂ ሚኒስትሩ መድረኩን ራሳቸው አልመሩትም። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ከማኅበሩ ዙሪያ የምናገኛቸው የኪነት ሰዎች የሌላ ዓለም ልጆች ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ውሰዱ። ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ወጥተው አዲስ አበባ የገቡ፣ ግጥምና ተውኔት የደረሱ፣ በወረራው ዘመን በሱዳን የተሰደዱ ባለ ቅኔ ናቸው። ማዕረጋቸው ራሱ ትምህርት ነው። ቀኝ ጌታ ማለት በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የቀኙን ወገን የሚመራ ነው፤ የግራውን የሚመራ ግራ ጌታ አለ፤ ከሁለቱም በላይ መሪጌታ አለ። ደብሩን የሚያስተዳድረው አለቃ ሌላ ነው። አለቃው መሬቱን፣ ደመወዙን፣ ከቤተ መንግሥት ጋር ያለውን ጉዳይ ይይዛል፤ ዜማው ሲሳሳት ግን ተነሥቶ የሚያርመው መሪጌታው ነው። ሀገራችን መድረክ እንዴት እንደሚመራ ከፈረንጅ ከመማሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ሥልጣንና ዜማ በአንድ ሰው እጅ እንዳይገቡ ለይታ አስቀምጣ ነበር። ስለዚህ የማኅሌት ልጅ ወደ ሀገር ፍቅር መድረክ ሲወጣ፣ የሙያውን ድርሻ ከሹሙ ድርሻ ለይቶ ማየት አዲስ ነገር አልሆነበትም ብዬ አምናለሁ።

ከዮፍታሔ በኋላ በሀገር ፍቅር ስማቸው ከሚጠራው አንዱ ኢዮኤል ዮሐንስ ናቸው፤ ደራሲም አዘጋጅም ነበሩ። የኢዮኤልን ነገር በአንድ ታሪክ ብቻ ልግለጸው። የሀገር ፍቅር ቡድን ወደ ወሊሶ ይወርዳል። ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና ሌሎች ባለሙያዎች በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ትርኢት ያሳያሉ። በትምህርት ቤቱ ዘፈን ዘፈን የሚለው፣ አያቱ ግን ትምህርትህን ተማር የሚሉት አንድ ልጅ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ፣ ቀድሞውንም ልቡን አሳብጠውታል። ልጁ ወደ ኢዮኤል ቀርቦ የዘፈን ፍቅሩን ይነግራቸዋል። ኢዮኤልም «ከልብህ ከሆነ አዲስ አበባ ና» ዓይነት ምክር ይሰጡታል። ልጁ አያቱን ሳያስፈቅድ በእግሩ መንገድ ጀመረ፤ ተይዞ ተመለሰ፤ እንደገና ወጣ። ሀገር ፍቅር ተቀበለው። ጥላሁን ገሠሠ እንዲህ ነው የተገኘው።

ይህን ታሪክ ስንናገር ሁልጊዜ የምናደንቀው የልጁን እግር ነው። እኔ ግን ኢዮኤልን ነው የማስበው። የአንድ የቴአትር ቤት ሹም በቢሮው ተቀምጦ ሊያገኘው የማይችለውን ሰው፣ መድረኩን ተሸክሞ ወሊሶ ድረስ የሄደ ባለሙያ አገኘው። ሚኒስትሩ ወደ ወሊሶ ቢሄዱ ኖሮ አቀባበል ይደረግላቸው ነበር፤ ልጁም በሰልፍ መካከል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የሁለቱ ሰዎች ዕጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተገናኘበት ጊዜ አለ። ጥላሁን ከሀገር ፍቅር ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገብቶ ነበር፤ በዚያን ዘመን ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸውና ጥሩ ድምፅ ወደዚያ ይሳብ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ግቢ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ ሹማምንት ተረሸኑ፤ መኰንን ሀብተ ወልድ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ጥላሁን ደግሞ የክብር ዘበኛ ባልደረባ በመሆኑ ታሰረ። የቤቱ መሥራች ሞተ፣ ቤቱ ያወጣው ዝነኛ ድምፃዊ እስር ቤት ገባ፤ ሀገር ፍቅር ግን አልተዘጋም። ለምን? አለኝታው ሲወድቅ ቤቱ ያልወደቀው፣ ከአለኝታው ሌላ ሥራውን የሚያውቁ፣ ልምምድ የሚያስጀምሩ፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚታይ የሚወስኑ ሰዎች ስለነበሩት ነው እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የሚቃወመኝ ካለ ክርክሩን በደስታ እቀበላለሁ።

ሌላው ታላቅ ቤት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. በብር ኢዮቤልዩ በዓል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት በሌላ መንገድ ሄደ። ሕንፃው ከፒያሳው ቤት እጅግ የገዘፈ ነው፤ የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበሩ። መንግሥት ምርጥ ሕንፃ ሠርቶ፣ ደራሲውን ከባለሥልጣን፣ መሪውን ከባሕር ማዶ አመጣ። ቤቱ የእኛ የሆነው በኋላ፣ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ የኪነ ጥበቡን አመራር ሲይዙ ነው። ጸጋዬ ሼክስፒርን በአማርኛ አናገሩት፤ የጭሰኛውንና የድኻውን ቋንቋም መድረክ ላይ አወጡት። ለዚህም ዋጋ ከፍለዋል፤ በንጉሡ ዘመን ሥራዎቻቸው ታግደዋል፣ በደርግ ዘመን ታስረዋል። ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም በየተራ የመሩት ተስፋዬ ገሠሠም «ዕቃው» ከሚለው ተውኔታቸው በኋላ ከእስር አልተረፉም። የእኛ ሀገር የቴአትር ቤት ኃላፊነት እንዲህ ያለ ወንበር ነው። አንድ እግሩ ቢሮ ነው፣ አንድ እግሩ ወህኒ ቤት።

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም ነገር መዝለል አልችልም። በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል በ1955 ዓ.ም. ገደማ ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል ዳብህ ያሰባሰቡት ቡድን ነው፤ በየአገሩ ለየብቻ የሚመቱትን ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ አቀናጀ። መሥራቹ ከሄዱ በኋላ ቡድኑ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ቆይቶ መሪነቱን ተስፋዬ ለማ ያዙ። እስኪበተን፣ እስከ 1967 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ፣ ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ተስፋዬ ዘፈን ይደርሳሉ፣ ያለማምዳሉ፣ ገንዘብ ይለምናሉ፣ የአሮጌ ባለሙያዎችን የሙያ ምሥጢር ይመዘግባሉ። እንደ እሳቸው ዓይነት ሰው በአንድ ትውልድ ስንት ይገኛል? ለዚህ ነው የዋጃን ልጆች «ሁሉን የሚችል አንድ ሰው ፈልጉ» ያላልኳቸው። የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲገኝም ይደክማል፣ ወይም ይሰደዳል። ተስፋዬ ለማም በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከ«ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ጉዞ ጋር አሜሪካ ገብተው እዚያው ቀሩ፤ ሕይወታቸውም ያለፈው በዚያው በስደት ነው።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ። ከዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስሞች ናቸው። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ያ ግን የግብር ቤት ነበር እንጂ የኪነት ቤት አልነበረም። ለሕዝብ የተደራጀ ኪነት ወደ ክፍላተ ሀገር በሰፊው የወረደው በደርግ ዘመን ነው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በእርግጥ ሁሉም የታዘዘውን ነው የሚዘፍን፤ የእርሻ ዘመቻ ሲሆን ስለ እርሻ፣ የጦር ዘመቻ ሲሆን ስለ ጦር። መሪው ካድሬ ነው፤ ግጥሙን የሚያርመው ካድሬ ነው፤ ማን ይሂድ ማን ይቅር የሚለው እርሱ ነው። የቀኝ ጌታው ወንበር ለአለቃው ተሰጠ ማለት ነው። ቢሆንም ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ከዚያው ዘመን ወጥቶ ነው እነ ማሪቱ ለገሠን ለመላው ሀገር ያሰማው። ማሪቱ አምባሰልን ስታንጎራጉር ካድሬው የት ነበር? ከመድረኩ ጀርባ ቆሞ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ስሙን የሚያስታውስ የለም። በመመሪያ የተገጠመው መዝሙር ከመመሪያው ጋር ሞተ፤ ባለሙያው ከአያቱ ያመጣው ቀረ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አብዛኛው የቀበሌ ኪነት በአንድ ጀምበር ተበተነ፤ ከበሮና ክራሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከመንግሥቱ ሌላ ባለቤት አልነበረውማ።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ «ስለዚህ ማንን እንምረጥ ጋሼ?» አለኝ። ታሪክ አስተማሪን ተግባራዊ ጥያቄ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ቢሆንም መልስ ሰጠሁ። የአስተዳደሩን ሰው አታርቁት፤ ቦታውን፣ ፈቃዱን፣ መብራቱን እርሱ ይያዝ፤ ሊቀ መንበርም ይባል፣ ስሙ ይጻፍ፣ በመክፈቻው ቀን ሪባኑን ይቁረጥ። ምን ይታያል፣ ማን ይወጣል፣ ልምምዱ በስንት ሰዓት ይጀመራል የሚለው ግን በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ ለባለሙያው ይሰጥ። የመግቢያው ገንዘብ ደግሞ ለሁለቱም አይሰጥ፤ ሦስተኛ ሰው ይያዘው፤ በወሩ መጨረሻ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ። «የሚለጠፍ ከሆነ ሊቀ መንበር ለመሆን የሚጣላ አይኖርም» ብሎ ሳቀ። ልጁ ጥሩ የፖለቲካ ተንታኝ ይወጣዋል።

ቀጥዬ የኮሚቴውን አባላት ስም እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ሰባት ናቸው፤ ሁለት መምህራን፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የአስተዳደሩ ሠራተኛ፣ አንድ ማሲንቆ መቺ፣ ሁለት ተማሪዎች። አንዲት ሴት የለችም።

ልጅነቴ ትዝ አለኝ። እናቴ የራያ ሰው ናትና ክረምቱን እዚያ ነበር የማሳልፈው። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ የሚለውን በዓል ቆቦና አካባቢው ሶለል ይለዋል፤ ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ይጀመራል። ልጃገረዶች ተሰባስበው በየደጁ እየዞሩ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። የእኔ ታላቅ እኅትና ጓደኞቿ ገና በዓሉ ሳይደርስ ሥራ ይከፋፈሉ ነበር። ዘፈኑን የምታወጣው ድምፀ መልካሟ ናት፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የተሰጣቸውን ገንዘብ የምትይዘው ግን አውጪዋ አይደለችም፤ ሌላ፣ ኮስታራ፣ ቁጥር የማትስት ልጅ ትመረጣለች። የትኛው ደጅ አስቀድሞ ይኬድ፣ የትኛው ቤት ሐዘን ስላለበት ይታለፍ የሚለውን ከሁሉም ታላቅ የሆነችው ትወስናለች። አንዲቱ ብታጠፋ ሌሎቹ በማግስቱ ይቀይሯት ነበር። እኛ ወንዶቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተልን እንሥቅባቸው ነበር። ሚኒስትሩም፣ ኦስትሪያዊውም፣ ካድሬውም ያልፈቱትን ነገር የአሥራ አራት ዓመት ልጆች እናቶቻቸውን አይተው እንደ ፈቱት የገባኝ፣ ይኸው አሁን፣ ዶክትሬቴን ይዤ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ደግኜ ነው።

«በእናንተ ሰፈር ሶለሉን የምታወጣው ማን ናት?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ የአንዱን የኮሚቴ አባል እኅት ጠቀሰልኝ፤ በምሽት ትምህርት ቤት የምትማር፣ በቀን ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ ልጅ ናት። ገንዘቡን የምትይዘውስ? እርሷንም ያውቃታል። ታዲያ ለምን በኮሚቴው ውስጥ የሉም? «አላሰብነውም» አለኝ፤ ቅንነቱን ወደድኩለት። እንዲጠይቋቸው ነገርኩት። ሁለቱም አሁን ለበዓሉ እየተዘጋጁ ስለሆነ ጊዜ የላቸውም፣ ከሶለል በኋላ ጠይቀን እንደውልልዎታለን አለኝ።